ባልጩትና መፈንቅል
በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል የእጅ ሥራ ክበብ ስም የተደረገ ንግግር



 ከእኛ በፊት የተናገሩት ጓደኞቻችን ስለ ትምህርት ቤታችን ታሪክ፣ ስለ ስፖርትና ስለ መዝሙር ክፍሉ ብዙ መልካም ነገር አሰምተዋል። እኛ ግን የምንናገረው ስለ ድንጋይና ስለ መስታወት ስብርባሪ ነው። አንዳንዶቻችሁ ትስቁ ይሆናል፤ ብትስቁም አንቀየምም፤ እኛም ራሳችን በዚህ ነገር ስቀን ነበርና። በማን ላይ እንደ ሳቅንና ሳቃችን እንዴት እንደ ቀረ መናገር የዛሬው ንግግራችን ዋና ጉዳይ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ሰዓት ነው። በዘጸአት ምዕራፍ 4 ሲፓራ ልጇን የገረዘችበት፣ በኢያሱም ምዕራፍ 5 ኢያሱ መቁረጫ እንዲሠራበት የታዘዘው ባልጩት ምንድን ነው? ብሎ ከመካከላችን አንዱ ጠየቀ። መምህራችን ከመሳቢያቸው ጥቁር፣ እንደ ጠርሙስ የሚያብለጨልጭ ድንጋይ አውጥተው አሳዩን። በዚያ አገር የነበረው ድንጋይ ዓይነቱ ሌላ ሊሆን እንደሚችል፣ የእኛ ተርጓሚዎች ግን አባቶቻችን በሚያውቁት ስለታም ድንጋይ ስም እንደ ጠሩት ነገሩን። ቀጥሎም የድንጋዩን ጠርዝ በወረቀት ላይ ቢያሳርፉት ወረቀቱ ያለ ድምፅ ሁለት ሆነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልባችን በባልጩት ተያዘ።

ባልጩት ከእሳተ ገሞራ የወጣ ቅልጥ አለት ለመርጋት ጊዜ ሳያገኝ በፍጥነት ሲቀዘቅዝ የሚገኝ የተፈጥሮ መስታወት ነው። ውስጡ እንደ ጨው ቅንጣት ቅንጣት ስላልሆነ፣ በዚህ በኩል ልሰንጠቅ በዚያ በኩል አልሰነጠቅም የሚል የራሱ መሥመር የለውም፤ ኃይሉ በመራው አቅጣጫ እንደ ዛጎል ጎድጎድ ብሎ ይላጣል። ጠርሙስም፣ የመስኮት መስታወትም እንደዚሁ ናቸው። ስለዚህ በባልጩት የሚሠራው ሥራ ሁሉ በመስታወትም ይሠራል፤ በመስታወት የለመደ እጅም ለባልጩት አይቸገርም።

ይህ ድንጋይ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በላይኛው አዋሽ ዳር ባለው በመልካ ቁንጡሬ፣ ከ1 ሚሊዮን 200 ሺህ ዓመት በፊት የነበሩ ሰዎች ከባልጩት የእጅ መጥረቢያ ይሠሩ እንደ ነበረ ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። ከዚያው አጠገብ ድንጋዩ በብዛት የሚገኝበት ቦታ ስሙ ራሱ ባልጪት ይባላል፤ ሁለቱም በአንድነት እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፈዋል። ከዝዋይ ሐይቅ በስተ ምዕራብ በጋደሞታ የተገኙት ሹል የባልጩት መሣሪያዎች ደግሞ ከ270 ሺህ ዓመት በላይ የቆዩ ናቸው። ከሌላ ዓይነት ድንጋይ የተሠሩትን ብንቈጥር፣ በአፋር በጎና የተገኙትና ዶክተር ስለሺ ሰማው ከሥራ ጓደኞቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 በጽሑፍ ያስታወቋቸው መሣሪያዎች ዕድሜያቸው 2 ሚሊዮን 600 ሺህ ዓመት ያህል ነው።

ድንጋይን ስለት ለማድረግ ሁለት መንገድ አለ፤ አንዱ መምታት፣ ሁለተኛው መግፋት ነው። የሚመታው ሰው በመዶሻ ወይም በሌላ ድንጋይ ጠርዙን መትቶ ያላጣል። የሚገፋው ሰው ግን ሹል ነገር በጠርዙ ላይ አሳርፎ፣ ድንጋዩ እስኪለቅ ድረስ ቀስ እያለ ይጫናል። መግፋት ዝግ ያለ ቢሆንም፣ ቀጥ ያለ፣ ስስና እኩል ስፋት ያለው ስለት የሚገኘው በእርሱ ነው። የጥንት የሜክሲኮ ሰዎች ከባልጩት እንደ ምላጭ ያለ ስለት በዚህ ዓይነት ያወጡ እንደ ነበረ ሁዋን ደ ቶርኬማዳ የተባሉ መነኵሴ እ.ኤ.አ. በ1615 በታተመው መጽሐፋቸው ጽፈዋል፤ ሠራተኛው መሬት ላይ ተቀምጦ ድንጋዩን በእግሩ ይይዝና በረጅም እንጨት ይገፋው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1911 ከካሊፎርኒያ ተራሮች የወረደው ኢሺ የተባለው ሰው፣ እስከሞተበት እስከ 1916 ድረስ በሳን ፍራንሲስኮ ሙዚየም ሲኖር ከጠርሙስ ስብርባሪ ድንቅ የቀስት ጫፍ በመግፋት ይሠራ ነበር። አሜሪካዊው ዶን ክራብትሪም እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ራስጌው በደረት ላይ በሚያርፍ መግፊያ የባልጩት ስለት እንዴት እንደሚወጣ ሞክሮ አሳይቷል።

ዳሩ ግን ሰው በደረቱ ሲገፋ የሚያገኘው ኃይል ከሰውነቱ ክብደት ብዙ አያልፍም። በቡልጋሪያ አገር በቫርና ከተማ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1972 የተገኘው ከ6 ሺህ ዓመት በላይ የቆየ የመቃብር ቦታ በወርቁ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ከወርቁ ጋር ረጃጅም የድንጋይ ስለቶች ወጥተዋል። ፈረንሳዊው ዣክ ፔልግራን እነዚህን የመሰሉ ስለቶች በገዛ እጁ እየሞከረ መርምሮ፣ በደረት ግፊት ብቻ ሊወጡ እንደማይችሉና በመፈንቅል የተሠሩ መሆናቸውን አስረዳ። እንጨት ይበሰብሳል፤ ድንጋይ ግን ይኖራል። መሣሪያው ጠፍቶ ሥራው ቀረ።

እኛም በፊዚክስ ክፍል የተማርነውን የመፈንቅልን ሕግ፣ ማለት ሌቨር የሚባለውን፣ በተግባር እንሞክረው ብለን ተነሣን። አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ወፍራም የባሕር ዛፍ ግንድ በትምህርት ቤቱ አትክልት ቦታ ዳር አጋደምን። በግንዱ አንድ ጫፍ ግራና ቀኝ ሁለት አጫጭር ቋሚዎች በብሎን አጥብቀን፣ በሁለቱ መካከል የብረት ዘንግ አሻገርን። ከብረቱ አጠገብ በግንዱ ላይ ጉድጓድ ፈልፍለን፣ ሊላጥ የተዘጋጀውን ድንጋይ፣ ማለት እኛ እናት ድንጋይ ያልነውን፣ በሽብልቅና በመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ አጥብቀን አቆምን። በእናት ድንጋዩ ጠርዝ ላይ ጫፉ ወፍራም መዳብ የሆነ አጭር የእንጨት መግፊያ እናቆማለን። ከዚያ በኋላ አንድ ረጅም አጠና ወስደን፣ ጅራቱን ከብረቱ ዘንግ በታች አስገብተን፣ በመግፊያው ራስ ላይ አሳርፈን ሌላውን ጫፉን ወደ ታች እንጫናለን።

ከብረቱ ዘንግ እስከ መግፊያው 20 ሳንቲ ሜትር፣ ከብረቱ እስከምንጫንበት ጫፍ 2 ሜትር ነው። ስለዚህ በጫፉ ላይ ያረፈ 1 ኪሎ በመግፊያው ላይ 10 ኪሎ ይሆናል። ኃይላችንን በግምት እንዳንናገር በአጠናው ጫፍ ላይ ጀሪካን አንጠልጥለን ውኃ በጣሳ እየለካን ጨመርን። ስፋቱ 12 ሚሊ ሜትር የሆነ አንድ የመስታወት ስለት የለቀቀው ጀሪካኑ ከነውኃው 6 ኪሎ ሲሆን ነው፤ ይህ በመግፊያው ላይ 60 ኪሎ ነው። አጠናው ራሱ 5 ኪሎ ይመዝናል፤ የክብደቱ መካከል ከብረቱ 1 ሜትር ስለሚርቅ 25 ኪሎ ይጨምራል። ድምሩ 85 ኪሎ መሆኑ ነው። ከእኛ መካከል 85 ኪሎ የሚመዝን የለም፤ አንድ ትንሽ ልጅ ግን 6 ኪሎ ውኃ ተሸክሞ ይሮጣል። የመፈንቅል ጥቅሙ ይህ ነው።

ይህን ስንነግራችሁ ሥራው ወዲያው የሠመረልን ይመስላችሁ ይሆናል። አይደለም። መጀመሪያ ከጋራዥ የተጣለ የመኪና የጎን መስታወት ለምነን አመጣን፤ ገና ሲነካ እንደ ጨው ተበተነ። የመኪና የጎን መስታወት በፋብሪካ ግሎ በድንገት እንዲቀዘቅዝ ስለሚደረግ፣ በውስጡ የታመቀ ውጥረት አለው፤ አንዱ ቦታ ሲሰበር ሁሉም ይበተናል። ይህን ያወቅነው በኋላ ነው። ሁለተኛ ከመስታወት ቆራጭ ቤት የተረፈ ከጣት የወፈረ የጠረጴዛ መስታወት አገኘን፤ ያ ተስማማን። ከዚህ በላይ የተናገርነው የውኃ ልክም የተወሰደው በእርሱ ነው። የተቆረጠ መስታወት ቀጥ ያለ ማዕዘን ስላለው ስለቱ በማዕዘኑ ላይ ተንሸራትቶ ይወርዳል፤ እኛም አወቅን ብለን ኮራን።

ኩራታችን ባልጩት እስክንጀምር ድረስ ነበር። ከጠጠር ማውጫ ሁለት ጆንያ ባልጩት አመጣን። ጠርዙን በመዳብ ብንጫነው ደቀቀ። እንደ ገና ብንጫነው ስለቱ ግማሽ መንገድ ሄዶ ወደ ውጭ ታጥፎ ተሰበረ። ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ አሥረኛ ድንጋይ አበላሸን። ኃይል አንሶን ነው ብለን ጀሪካኑን ትተን ሦስት ሰዎች በአጠናው ላይ ተቀመጥንበት። እናት ድንጋዩ እንደ ጥይት ጮኾ ለሁለት ተሰነጠቀ፤ አንድ ስባሪ ተፈናጥሮ ከመካከላችን የአንዱን ግንባር ከቅንድቡ በላይ ቆረጠው። ዓይኑ የተረፈው በአንድ ጣት ስፋት ነው። የዓይን መከላከያ መነጽር ከክፍል አምጥተን ነበር፤ ግን በመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጠነው ነበር። መምህራችን ደሙን አይተው አልጮኹም፤ ሥራውን ለሁለት ሳምንት ዘጉብን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። በክፍላችን ከሩቅ አገር መጥቶ ከእኛ ጋር ስድስት ዓመት የተማረ ጓደኛ አለን። አባቱ ቆዳ ይፍቃሉ። ይህን ያወቅነው ገና በመጀመሪያው ዓመት፣ ከሳጥኑ ውስጥ ጫፉ ድንጋይ የሆነ የእንጨት እጀታ አይተን ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የአባቱን ሥራ የሚያንቋሽሽ ቅጽል ስም አወጣንለት። ስሙን ያወጣው አንድ ሰው ነው፤ የጠራው ግን ሁላችንም ነን። እርሱም መልስ አይሰጥም ነበር፤ እጀታውን ብቻ ከሳጥኑ ወደ ሌላ ቦታ ደበቀው።

ሥራችን በተዘጋበት በሁለተኛው ሳምንት ይህ ጓደኛችን በአትክልት ቦታው ሲያልፍ የተበላሹትን ድንጋዮች ቆሞ ተመለከተ። አንዱን አነሣና በእጁ አገላበጠው። ከዚያ በኋላ በትሕትና እንዲህ አለን፤ «ይህ ድንጋይ ጀርባ የለውም። ቀጥ ያለ ሸንተረር ካላበጃችሁለት ስለቱ በየት በኩል ይሂድ? ጠርዙም ስስ ነው፤ በአሸዋ ድንጋይ አሽታችሁ ካላደነደናችሁት ይደቅቃል። እናንተ ድንጋዩን ሳታዩ ትገፉታላችሁ።» መዶሻ ጠይቆ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በጥቂት ምት ከዚያ ከናቅነው ስብርባሪ አንድ ደህና መፋቂያ አወጣ። ማን አስተማረህ? አልነው። ጥቂት ዝም ካለ በኋላ «አባቴ» አለ።

ክቡራንና ክቡራት፣ በዚያች ቀን የተሰማንን ኀፍረት በቃል ልንገልጸው አንችልም። ስለ ሜክሲኮና ስለ ቡልጋሪያ ከመጻሕፍት ስንፈልግ፣ በወንበራችን አጠገብ የተቀመጠውን ልጅ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅነውም ነበር። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንደሚባለው መሆኑ ነው። በኋላ ስናነብ፣ በጋሞ ወንዶች፣ በኮንሶም ብዙውን ጊዜ ሴቶች በድንጋይ መፋቂያ ቆዳ እንደሚያለፉ፣ ይህንም ሥራ ለማየት ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የውጭ አገር ሊቃውንት ባሕር ተሻግረው ወደ አገራችን እንደ መጡ አወቅን። እነርሱ ለመማር የመጡበትን ሙያ እኛ ለስድብ አደረግነው። እነዚህ ባለ እጆች በየአገራቸው ስንት ዘመን ከሰው ጋር በአንድ ማዕድ እንዳይቀርቡ፣ በጋብቻም እንዳይቀላቀሉ ተደርገው ኖረዋል። ሥራቸውን ግን ሁሉም ይፈልገዋል፤ በቆዳው ይተኛበታል፣ እህሉን ይይዝበታል።

መነጽርና የቆዳ ጓንት አዘጋጅተን ሥራው ሲከፈትልን፣ ጓደኛችንን መምህራችን ሁንልን አልነው። የድንጋዩን ጀርባ በመምታት ማበጀትን አስተማረን፤ ጠርዙን ማሸትን አስተማረን። መግፊያውን ከጠርዙ ጥቂት ወደ ውስጥ ማሳረፍን፣ መጀመሪያ ወደ ታች ብቻ ተጭነን መጨረሻ ላይ ጥቂት ወደ ውጭ ማዘንበልን አብረን ፈለግን፤ እርሱ የሚያውቀው መምታትን እንጂ መፈንቅልን አልነበረምና። በአራተኛው ቀን አንዲት ጠብ የምትል ድምፅ ሰማን። 9 ሳንቲ ሜትር የሆነች ቀጥ ያለች የባልጩት ስለት በላስቲኩ ላይ ወደቀች። ለብርሃን ስናነሣት ዳርና ዳሯ ጢስ ይመስል ነበር። ያን ጊዜ በአጠናው ላይ የነበረው የአንድ ሰው ሁለት እጅ ብቻ ነው።

በወላጆች ቀን የጓደኛችን አባት መጡ። መሣሪያችንን ዞረው አዩትና ፈገግ አሉ። «አባባ፣ ይህ መፈንቅል የእርስዎን ሥራ አያቀልም ወይ?» ብለን ጠየቅናቸው። «ልጆቼ፣ ለእኔስ አይሆነኝም» አሉን፤ «እኔ የምፈልገው አጭርና ወፍራም ነው። እንዲህ ረጅምና ስስ ከሆነ ቆዳው ላይ ይሰበርብኛል።» በብረት ስለ ምን አይፍቁም? ብንላቸውም፣ «ብረት ሲዶለዱም ወደ ቀጥቃጭ ቤት መሄድ አለብኝ፤ ይህ ሲዶለዱም ግን ጫፉን ሁለት ጊዜ ነካ አድርጌ አድሰዋለሁ» ብለው መለሱልን። ከዚያም የእኛን ስለት አንሥተው በአውራ ጣታቸው ጫፍ ሳይነኩ አስጠግተው አዩትና፣ ለልጃቸው በቋንቋቸው አንድ ነገር ተናገሩት። ምን አሉ? ብለን ብንጠይቀው፣ «ደህና ተሠርቷል፤ ግን ድንጋዩ ገና ሁለት ነበረው፤ ቸኩላችኋል አለ» ብሎ ተረጎመልን። እውነት ነው፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

ወንድሞቻችን፣ ይህን ሥራ ልትሞክሩ ብትፈልጉ ሦስት ነገር እንለምናችኋለን። አንደኛ፣ መነጽርና ጓንት ሳታደርጉ አንድ ድንጋይ እንኳ አትንኩ፤ ከአጠናው ጫፍ በታችም ማገጃ ግንድ አድርጉ፤ ስለቱ ሲለቅ አጠናው በድንገት ይወድቃልና። ሁለተኛ፣ በቤት ውስጥ አትሥሩ፤ የድንጋይና የመስታወት ብናኝ ወደ ሳንባ ገብቶ አይወጣም፤ ነፋስ ባለበት በደጅ ሥሩ፣ ስብርባሪውን በሸራ ላይ ሰብስቡ። ሦስተኛ፣ ከጥንት ቦታ ድንጋይ አታንሡ፤ ሕግም ይከለክላል። የሠራችሁትንም ዝም ብላችሁ በሜዳ አትጣሉ፤ ከመቶ ዓመት በኋላ የሚመጣ ተመራማሪ የጥንት ሰው ሥራ ነው ብሎ እንዳይሳሳት ነው። እኛ ስብርባሪያችንን በቀለም ቆርቆሮ ውስጥ ከአዲስ ሳንቲም ጋር ቀበርነው፤ በእያንዳንዱ ስለት ላይም ዓመቱን ጻፍንበት። ሐሰት በወረቀት ብቻ አይጻፍም፤ በድንጋይም ይጻፋል።

ከዚህ ሥራ የተማርነው በአጭሩ ይህ ነው። መፈንቅል የአንድን ሰው ጉልበት አሥር ያደርጋል፤ የአንድን ሰው አላዋቂነት ግን እንደዚሁ አሥር ያደርጋል። ሦስት ሆነን በአጠናው ላይ በተቀመጥን ቀን ያበዛነው አላዋቂነታችንን ነበር። ትምህርትም እንደ መፈንቅል ነው። በዚህ ትምህርት ቤት የተሰጠን ኃይል ብዙ ነው፤ በቅርቡ ይዘነው እንወጣለን። ነገር ግን የምንጫነውን ነገር ቀረብ ብለን ካላየን፣ አዋቂውንም ሰው በልብሱና በአባቱ ሥራ ምክንያት ካሳለፍነው፣ የምንሰብረው ከምንሠራው ይበዛል።

ይህን ንግግር ከማቅረባችን በፊት ለዚያ ጓደኛችን ሰጥተነው አነበበው። አንድ ቃል ብቻ ሰረዘ። የሰረዘው ያን ቅጽል ስም ነው፤ ስለዚህ ዛሬ ከአፋችን አልወጣም፣ ከእንግዲህም አይወጣም። ይቅርታ የጠየቅነው በስውር ነበር፤ የሰደብነው ግን በአደባባይ ስለ ሆነ፣ እነሆ በዚህ በዓል በእናንተ ሁሉ ፊት እርሱንና አባቱን ይቅርታ እንጠይቃለን። ከእኛ በኋላ ወደ 12ኛ ክፍል የምትገቡ ታናናሾቻችን መሣሪያው በአትክልት ቦታው ዳር አለ፤ አጠናው ቢሰነጠቅ ለውጡት። መነጽሮቹ ግን በመስኮቱ ደፍ ላይ አይደሉም፤ በአጠናው ጫፍ ላይ ታስረው ተንጠልጥለዋል፤ እነርሱን ሳይፈታ አጠናውን ሊጫን የሚችል ማንም የለም።